ዛሬ ማን አጎረሰሽ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ጨመሩልኝ። ሰዓቱን ሳየው ሳቄ መጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ጊዜ አጥሯት ስትሮጥ የኖረችን ሴት፣ ቁጭ በዪ ብለው ሲያሰናብቷት ሰዓት ያሸክሟታል። አይ የኛ ነገር! ኃላፊው ንግግር አደረገ። አቀስታን አነሳ፣ ወረኢሉን አነሳ፣ መካነ ሰላምን አነሳ፤ ስንት ሕፃን እንደተቀበልኩ ሊናገር ፈልጎ ቁጥሩ ሲጠፋው «እጅግ በርካታ» ብሎ አለፈው። ደግ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ብቻ አንድ ነገር ረሳ። ኪሴ ውስጥ ስለነበረው፣ መስታወቱ ስለተሰነጠቀው ስልክ ትንፍሽ አላለም። እኔ ደግሞ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ፈጣሪዬን አብዝቼ የማመሰግንበት ነገር ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው። እሱ የረሳውን እኔ ልናገረው።

ስሜ አልጋነሽ ነው፤ አገሬው «ሲስተር» ማለት ከጀመረ ወዲህ ግን በስሜ የሚጠራኝ እምብዛም ነው። አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አቀስታ የተመደብኩት ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት በገባ ሰሞን ነው። ከደሴ በነጠላ ተሳፍሬ ስደርስ የመኪናው ረዳት ከላይ እስከ ታች አየኝና «እህቴ፣ በዚህ ነጠላ ነው አቀስታን የምትችያት?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ በረዶ ለብሶ ነው የምናገኘው።

እዚያ ብርድ ውስጥ ነው ሲስተር ተዋበችን ያገኘኋቸው። ከኔ በፊት ብዙ ዘመን ያዋለዱ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሲቆጡ ዝም ይላሉ፤ ሲደሰቱ ይሳደባሉ። «አንቺ ደንቆሮ!» ካሉኝ ያን ቀን ሥራዬ አምሯል ማለት ነው። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ሳያሞቁ እናት አይነኩም። ቆመው አያናግሩም። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አልጋ ከሌለ መደቡ ላይ፣ መደቡም ከሌለ መሬት ላይ። «ቆሞ የሚጠይቅ መልስ አይፈልግም፣ መንገዱን ነው የሚያየው» ይሉ ነበር።

አንድ ማለዳ ከወለደች ጥቂት ቀን የሆናትን ሴት «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። «አልሃምዱሊላህ» አለችኝ። ደህና ናት ብዬ ወደሚቀጥለው አልጋ ሳልፍ ሲስተር ተዋበች ክንዴን ያዙኝ።

«ምን አለችሽ?»

«ደህና ነኝ አለች።»

«አላለችሽም! አላህን አመሰገነች እንጂ። ልጄ፣ በኛ አገር ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ የተቀመጠውን ሰው እንዴት ነህ ብትይው አልሃምዱሊላህ ነው የሚልሽ። ክርስቲያኑም እግዜር ይመስገን ነው የሚለው። ምስጋናው ለፈጣሪ ነው፤ ለኛ የተሰጠ መልስ አይደለም።»

ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «የኔ ዓለም፣ ዛሬ ማን አጎረሰሽ?» አሏት።

«አልሃምዱሊላህ።»

«እሱስ ይመስገን። እሱን አልጠየቅኩሽም። ማን አጎረሰሽ?»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ማንም» አለች። እንባዋ ዝርግፍ አለ። እናቷ ሞታለች፤ የባሏ ወገኖች አጨዳ ላይ ናቸው፤ ከወለደች ጀምሮ ብቻዋን ነበረች። ሕፃኑን ማየት አስጠልቷት ነበር፤ ይህን ለማን ትናገር?

የአገሬ ሰው ይህን ጥያቄ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አራስ በገዛ እጇ አትበላም፤ ገንፎውን የሚያጎርሳት ሰው አለ። ያጎረሳት ከሌለ አጠገቧ ማንም የለም ማለት ነው። አራስ ደግሞ ብቻዋን አትተውም። የተቀመጠው ሰው ለትንሽ ጉዳይ እንኳ ብድግ ካለ ማጭድ ወይ ቢላዋ ከራስጌዋ ያኖራል፤ ክፉ እንዳይለክፋት። ተማርን ያልነው ወጣቶች በዚህ ብረት እንስቅ ነበር። ሲስተር ተዋበች አይስቁም። «የሚለክፋት ብቸኝነት ነው። ስሙን ጂኒ ይበሉት እንጂ አገሬው በሽታውን አሳምሮ ያውቀዋል» ይሉናል። እኔ ይህን ከሳቸው አፍ ተምሬ ወጣሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ወረኢሉ ተዛወርኩ፤ እዚያ ስለ ውሎ አበል ስንከራከር ጸጉሬ ሸበተ። ቀጥሎ መካነ ሰላም ገባሁ፤ የቀረኝን የሥራ ዘመን እዚያው ጨረስኩ። ባሌ ያረፈው እዚያ ነው፤ ልጆቼም አንድ በአንድ አዲስ አበባ የሄዱት ከዚያ ነው።

መካነ ሰላም ሳለሁ አገሩ ተለወጠ። የወሎ ቦረናም የለጋምቦም ልጃገረድ ወደ ዓረብ አገር ተመመች። ቆርቆሮ ቤቱ በዛ፣ ሠርጉ ቀነሰ። እየቆየ ደግሞ እዚያው ተገናኝተው የሚጋቡ፣ እዚያው የሚወልዱ መጡ። እናቶቻቸው በክትባት ቀን ሰልፍ ይይዛሉ። ሕፃን አልያዙም፤ ስልክ ነው የያዙት። «ማንን ሊያስከትቡ ነው?» ስል «ኸረ ሕፃኑማ ጅዳ ነው ያለው! ልጄን አነጋግሪልኝ ብዬ ነው» ይሉኛል።

በዚህ ዓይነት በስልክ የያዝኳት የመጀመሪያዋ አራስ መሪማ ናት። የወረኢሉ ልጅ ስትሆን ጅዳ ወልዳ ቀን ከሌት ታለቅስ ነበር። ከሥራ መልስ በስልኬ፣ በኢሞ እየደወልኩ አናገርኳት። ማን አጎረሰሽ አልኳት፤ እስኪወጣላት አለቀሰች። ቀስ በቀስ ተሻላት። ሲሻላት «ሲስተር፣ እንደኔ ያለች እዚህ በየክፍሉ ተዘግቶባት ሞልታለች። ሁላችንንም አንድ ላይ ለምን አያናግሩንም?» አለችኝ። ቡድኑ እንዲህ ተወለደ። ስሙን «አራስ ጥየቃ» አልነው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ነበር የምንገናኘው፤ ብዙዎቹ ትንፋሽ የሚያገኙት ያኔ ነው። መጻፍ የማይችሉ ስላሉ ሁሉም ነገር በድምፅ ነው። መጀመሪያ የምትናገረው የቅርብ አራሷ ናት። እኔ ጥቂት ነገር አስተምራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይብሳል፣ እንባ ይመጣል፤ ያ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልለቀቀ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግቡ አፈር አፈር ካለ፣ ራሴን ወይ ልጄን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ውል ካለ፣ ይህ በሽታ ነው እላቸዋለሁ። የጂኒ ሥራ አይደለም፣ የኢማን መጉደልም አይደለም። ለሰው ይነገራል፣ ሐኪም ቤት ይኬዳል፣ ይድናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በግምገማ ላይ ግን ተነሳብኝ። «ሲስተር ስልክ ስትጎረጉር ትውላለች» ተባለ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አደረጃጀት የሚወድ ሰው ነበር። ኮስተር ብሎ «ይህ ቡድን በአንድ ለአምስት የተዋቀረ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ አንድ ለብዙ ነው። አንዷ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳያስበው ሳቀ። በማግስቱ ኔትወርክ ከሚይዝበት መስኮት አጠገብ ያለችውን የዕቃ ክፍል ቁልፍ ሰጠኝ። ለካስ ኩዌት ያለች እህቱ አርግዛ ኖሯል! ያን ቁልፍ በሕይወቴ ከተቀበልኩት ሽልማት ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ዘሃራ የመጡት። ባላቸው በሰፈሩ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሼህ ናቸው። እትዬ ዘሃራም ካልተገኙ ዱዓው የማይደምቅ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሉባባ ጅዳ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባሏ ከከተማው ርቆ በረሃ ላይ ከብት ይጠብቃል፤ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።

«ሲስተር፣ ልጄን ማን ይይዛታል? እኔ ክንፍ የለኝ» አሉኝ።

«እኛ እንይዛታለን እትዬ» አልኩ። ቃሌ ነው፤ ከአፌ ወጥቷል።

ታዲያ እሳቸውን ከቡድኑ እንዴት ላስቀር? እናት የሌለችበት አራስ ጥየቃ የት አገር ታይቶ ያውቃል? አስገባኋቸው። እሳቸውን ብቻ አስገብቶ ሌላዋን እናት መተው ደግሞ ነውር ነው፤ ሁሉንም አስገባሁ። ወይ ድምቀት! በየአርቡ ምርቃቱ ይጎርፋል። አንዷ ወለደች ሲባል እልልታው ከመካነ ሰላም እስከ አቀስታ በስልክ ይቀባበላል። እኔም ደስታው አሰከረኝ። ሉባባ ወንድ ልጅ በሰላም ስትገላገል እትዬ ዘሃራ እንባቸው እየወረደ እስኪበቃቸው መረቁ። «እንዴት ነሽ ሉባባ?» ስንል «አልሃምዱሊላህ» ትላለች። በሚቀጥለው አርብም «አልሃምዱሊላህ»። ከዚያም በሚቀጥለው እንዲሁ።

ማን አጎረሰሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። እናቷ እየሰሙ እንዴት ብዬ? እንዲህ ብሎ መጠየቅ «እናትሽ ያለ ሰው ጥላሻለች» ብሎ እትዬ ዘሃራን በአደባባይ መስደብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ አይደረግም። ይሉኝታዬ አፌን ያዘው።

አንድ ቀን ስልኬን ስከፍት «ሉባባ ከቡድኑ ወጥታለች» ይላል። በስህተት ነክታው ይሆናል አልኩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራ ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ወደ ክትባት ክፍሉ ገቡ። «ይጠራል፣ አታነሳም። ሲስተር፣ ይጠራል አታነሳም!» ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

መሪማ ጋ ደወልኩ። የራሷን ልጅ አዝላ ከጅዳ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። የሉባባ በር ተዘግቷል። ከውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ለቅሶ መሆኑ ቀርቶ ሲር ሲር ብቻ ሆኗል። ጎረቤቱን ጠርታ በሩን አስከፈተች። ሉባባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀምጣለች። ልጁ አጠገቧ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። መሪማን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ውሰጅው፣ የኔ አይደለም» አለቻት።

መሪማ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ከሁሉ በፊት ልጁን አንስታ ጡቷን ሰጠችው። ከዚያ ሁለቱንም ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ኢቃማ የላቸውም፤ ያለ መኖሪያ ወረቀት ሐኪም ቤት መግባት ተይዞ መባረርን ሊያመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ሄደች። ወረቀት ያልጠየቀ ደግ ሐኪም ገጠማቸው። አልሃምዱሊላህ ማለት እዚህ ላይ ነው!

ልጁ ዳነ። ሉባባ ግን ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሕክምናው እስኪይዛት ወራት አለፉ፤ የገዛ ልጇን ማጥባት ሳትችል ወተቷ ደረቀ። የልጇ የመጀመሪያ ፈገግታ ለሌላ ሴት ሆነ። እኛ ስልክ ላይ እልል ስንል እሷ ግድግዳ ታይ ነበር። ለእናቷ «እንይዛታለን» ብዬ ነበር፤ አልያዝናትም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የዚህን ያህል ያንገበገበኝ የለም።

በኋላ መናገር ስትጀምር ለመሪማ እንዲህ አለቻት፤ «እናቴ እየሰማች ምን ልበል? ሼህ አባቴን የሚያከብር ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ልጄን ጠላሁት ልበል?»

ይህን ለእትዬ ዘሃራ መንገር ነበረብኝ። ቤታቸው ሄድኩ፤ መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሳልቀባባ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ቆመ።

«እኛ ነን እንዲህ ያሳደግናቸው» አሉ። «በትልቅ ሰው ፊት አታልቅሺ፣ ገበናሽን አታውጪ እያልን። ልጄ አደቧን ጠብቃ ልትሞት ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሲስተር፣ እኛ አሮጊቶቹ እንውጣላቸው።»

በዚያው ሳምንት እናቶቹን ሁሉ ጤና ጣቢያው ግቢ ሰበሰቧቸው። ቀላል አልነበረም። ለአንዳንዷ ያ ቡድን የልጇን ድምፅ በየሳምንቱ የምትሰማበት ብቸኛ መንገድ ነው። አንዷ አኮረፈች፤ «እናትን ከልጅ የሚለይ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» አለች።

እትዬ ዘሃራ «አንቺ፣ ልጅሽ ስታምጥ አባቷን ከቤት አታስወጭም?» አሏት። «ጠልተሽው ነው? እንድትጮህ ብለሽ ነው። እኛም እንዲጮሁ እንውጣላቸው።»

ሁሉም ተስማሙ። አንድ በአንድ ስልኩን አፋቸው ላይ አድርገው ለልጆቻቸው የመጨረሻ ምርቃት አስተላለፉ። እትዬ ዘሃራ «ልጆቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኛ አንሰማም። የከፋችሁን ሁሉ ተናገሩ፣ አላህ ይስማችሁ። ሉባባ፣ የኔ እናት፣ አፉ በይኝ» አሉ። እናት ልጇን ይቅር በይኝ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከኋላ ያሉ አንዲት ባልቴት ግን ስልካቸውን እያገላበጡ «ኸረ ልጄ፣ መውጫ በሩ በየት ነው?» ሲሉ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብን። ስልካቸውን እየተቀበልኩ መውጫውን ለሁሉም እኔው ተጫንኩላቸው።

የሚቀጥለው አርብ ደረሰ። የአንዷ ድምፅ ቀድሞ መጣ፤ «ሲስተር፣ እውነት እናቴ የለችም?» የለችም አልኳት። ከዚያ የመጣውን መናገር አልችልም፤ ስንት ዘመን የታመቀ ነገር ነበር! ያን ጊዜ አንድ ደንብ አወጣን፤ አንዷ ተናግራ ሳትጨርስ ማንም «አብሽሪ» እንዳትል። አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው፣ ደግ ቃል ነው፤ ቶሎ ከመጣ ግን አፍ ያዘጋል። ሌላም ጨመርን፤ አንዲት ስትወልድ ተራ እንይዛለን። ገንፎ የምትበላበት ሰዓት ላይ አንዷ ደውላ አብራት ትበላለች፤ ቅርብ ያለች ካለች በአካል ትሄዳለች። የራስጌዋ ብረት ስልኩ ይሁንላት አልን።

ሉባባ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተመለሰች። ልጇም እጇ ላይ ነበር፤ ከመሪማ ልጅ ጋር የጡት ወንድማማቾች ሆነዋል። አዲስ አራስ ስትመጣ ከኔ ቀድማ «ማን አጎረሰሽ?» የምትለው እሷ ሆነች። ሲስተር ተዋበችን በስም እንኳ አታውቃቸውም ነበር፤ አነጋገሯ ግን ቁርጥ እሳቸውን። ጡረታዬ ሲቃረብ ቡድኑን ለእሷና ለመሪማ አስረክቤ ወጣሁ።

እነሆ ጡረተኛ ሆንኩ። የመጀመሪያው ሰሞን ጥሩ ነበር፤ ተኛሁ፣ ጠገብኩ። ከዚያ ቤቱ ሰፋብኝ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ ያንን የግድግዳ ሰዓት ሳይ ስልኬ ጠራ። ሉባባ ናት። ከኋላዋ ልጇ በዓረብኛም በአማርኛም ይለፈልፋል።

«ሲስተር፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ።»

«እሱስ ይመስገን። እሱን አልጠየቅኩዎትም። ዛሬ ማን አጎረሰዎት?»

ያን ሁሉ ዘመን የጠየቅኩት ጥያቄ ወደ እኔ ዞሮ አያውቅም ነበር። «ደህና ነኝ፣ ቁርስ አለ...» ልል ጀመርኩና መሐል ላይ ተውኩት። እሷ አብሽሩ እንኳ አላለችም። ጠበቀችኝ።

«ማንም» አልኳት።

«በሩን ይክፈቱ» አለችኝ።

ከፈትኩ። እትዬ ዘሃራ ዳገቱ አድክሟቸው ቁና ቁና እየተነፈሱ ቆመዋል፤ ክንዳቸው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን አለ። «ይቺ ልጅ እኮ ከጅዳ ሆና ታዘኛለች፣ ወላሂ መቀመጫ ነሳችኝ!» አሉና ገፋ አድርገውኝ ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሳህኑን ገለጡ፣ የቀኝ እጃቸውን ታጠቡ።

«ነይ እዚህ፣ አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ።

ከፈትኩ።